የስም ምርመራ ከታፔላው ይቅደም

በቀድሞው ዘመን አንድ አስመጪ ወይም ላኪ የንግድ ቤት ደብዳቤ በሚጽፍበት ጊዜ፥ በወረቀቱ ራስ ላይ ከስሙና ከፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ጋራ የቴሌግራም አድራሻውን ያሳትም ነበር። ይህ አድራሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ሲሆን፥ በቴሌግራም ቤት ተመዝግቦ የተያዘ ስለ ሆነ ሌላ ነጋዴ ሊገለገልበት አይችልም። ከባሕር ማዶ የተላከ መልእክት ያንን አንድ ቃል ይዞ በቀጥታ ከባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ነበር። የቴሌግራም ዋጋ የሚከፈለው በቃል ቁጥር ስለ ነበረ፥ አድራሻን አሳጥሮ መምረጥ ራሱ ትርፍ ነበር። ዛሬ ያ ቴሌግራም ቀርቶአል፤ ስሙን የወሰደው የስልክ መልእክት መለዋወጫ ከእርሱ ጋራ ዝምድና የለውም። የአንድ ቃል አድራሻው ግን አልቀረም። የዶሜን ስም ተብሎ እንደገና መጥቶአል። በ1945 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ወራሽ የሆነው ኢትዮ ቴሌኮምም፥ ኢትዮጵያ በዓለም የኢንተርኔት መዝገብ የምትታወቅበትን "ነጥብ ኢቲ" የተባለውን መለያ የሚያስተዳድር እርሱ ነው።

የዶሜን ስም ማለት የአንድ ድርጅት የኢንተርኔት ገጽና የኢሜል አድራሻ የሚጠራበት ስም ነው። በመላው ዓለም ሁለት ሰዎች አንዱን ስም በአንድ ጊዜ ሊይዙ አይችሉም፤ የሚሰጠውም በሀብት ብዛት ወይም በዕድሜ ታላቅነት ሳይሆን አስቀድሞ ለጠየቀ ነው። ሥርዐቱን በበላይነት የሚያስተባብረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የተቋቋመው አይካን የተባለው ድርጅት ሲሆን፥ በነጥብ ኮም የሚጨርሱትን ስሞች መዝገብ ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ለብዙ አንባቢ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ስሙን የሚመርጠውና የሚመረምረው ማን እንደ ሆነ ነው። በቢሾፍቱ፥ በአዳማም ሆነ በሞጆ አንድ ወጣት ነጋዴ ለድርጅቱ ስም ሲያወጣ፥ አሁን የሚያማክረው አባቱን ወይም ባልንጀራውን ብቻ አይደለም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውንም መሣሪያ ይጠይቃል። ይህም መሣሪያ ጥያቄ ከመመለስ አልፎ የታዘዘውን ሥራ በየደረጃው የሚፈጽም በሆነ ጊዜ "ወኪል" ይባላል። ወኪል የሚለው ቃል ለንግድ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ይህኛው ኮሚሲዮን የማይጠይቅ፥ ስለ ስሕተቱም በፍርድ ቤት የማይጠየቅ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ይህን ወኪል "ለሐይቅ ዳር ሆቴል የሚስማማ፥ በነጥብ ኮም ያልተያዘ ስም ፈልግልኝ" ብሎ ያዝዘዋል። ወኪሉም ሳይዘገይ አምስት ያማሩ ስሞች ያቀርባል፤ "ሁሉም ነጻ ናቸው" የሚል ቃልም ይጨምርበታል። ጥያቄው ይህን ከየት አወቀው የሚለው ነው። መዝገቡን ሊጠይቅበት የሚችል መሣሪያ ካልተሰጠው በቀር፥ የሚናገረው በትምህርቱ ጊዜ ካነበበው በመገመት ነው። ያ ትምህርት የተዘጋው ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት ሲሆን፥ የስም መዝገብ ግን በየደቂቃው ይለዋወጣል። ግምቱም የሚነገረው በእርግጠኝነት ቃል ስለ ሆነ ሰሚው ሊለየው አይችልም። ዕቃው መጋዘን ውስጥ መኖሩን ሳያይ "አለ" ብሎ የሚሸጥ ሻጭ ለአንድ ሱቅ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ባለሱቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለሆነም በቅርብ ጊዜ ለእነዚህ ወኪሎች ልዩ ልዩ መሣሪያ ማበጀት የተለመደ ሆኖአል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ወኪሎችና መሣሪያዎች የሚገናኙበትን አንድ የጋራ ደንብ ለሁሉ ክፍት አድርጎ ካወጣ ወዲህ፥ ባለሙያዎች ከሠሩአቸው መሣሪያዎች መካከል የዶሜን ስም መያዝና አለመያዙን የሚመረምር ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ወኪሉ ስሙን ለመሣሪያው ይሰጣል፤ መሣሪያው የመዝገቡን ጠባቂ ይጠይቃል፤ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ለዚህ ጥያቄ ለረዥም ዘመን ያገለገለው "ሁ ኢዝ" የተባለው የቆየ መንገድ ነበር፤ ከጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አይካን የሚቈጣጠራቸው መዝገቦች ሁ ኢዝን የማቅረብ ግዴታቸው ቀርቶ አር.ዲ.ኤ.ፒ. የተባለው አዲስ መንገድ ተተክቶበታል። በአዲሱ መንገድ ስሙ በመዝገብ ካለ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ከሌለ 404 የሚል ቁጥር ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ምርመራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስሙን በስልኩ ላይ ጽፎ ገጽ ሳይከፈትለት ሲቀር "አልተያዘም" ብሎ ይደመድማል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ስምን አስመዝግቦ ምንም ገጽ ሳያወጣበት ለዓመታት የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው፤ በአጥር የተከበበ ባዶ መሬት ቤት ስላልተሠራበት ባለቤት የለውም እንደማይባል ሁሉ፥ ገጽ የሌለው ስምም ባለቤት የለውም ሊባል አይችልም።

ከዚህ ይልቅ ግን ጥንቃቄ የሚሻው የመሣሪያው ዝምታ ነው። መዝገቡ ብዙ ጥያቄ በመጣበት ጊዜ መልስ መስጠቱን ያቋርጣል፤ የኢንተርኔት መስመርም ይቈረጣል፤ ይህም በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። በዚህን ጊዜ መልካም መሣሪያ "አልታወቀም፤ እንደገና ይጠየቅ" ብሎ መመለስ አለበት። በችኮላ የተሠራው መሣሪያ ግን "ስሙን አላገኘሁትም" እና "መልስ አላገኘሁም" የሚሉትን ሁለት ነገሮች አንድ ያደርጋቸውና ሁለቱንም "ነጻ ነው" ብሎ ይተረጕማቸዋል። ዝምታ ወርቅ ነው ቢባልም የመዝገብ ዝምታ ወርቅ አይደለም። ስለዚህ መሣሪያ የሚገዛ ወይም የሚያሠራ ድርጅት የመጀመሪያው ጥያቄው "መልስ ሳይመጣ ሲቀር ምን ትላለህ?" የሚል ሊሆን ይገባዋል። ከዚህም ሌላ፥ በመዝገብ ያልተጻፈ ስም ሁሉ ይሸጣል ማለት አይደለም፤ ጠባቂው ለይቶ ያስቀመጣቸው፥ ወይም በከፍተኛ ዋጋ ብቻ የሚሰጣቸው ስሞች አሉ። "ተይዞአል" የሚለውም መልስ የመጨረሻ አይደለም። በነጥብ ኮምና በመሰሎቹ መዝገቦች ባለቤቱ ሳያሳድሰው ቀርቶ የተሰረዘ ስም ለ30 ቀን ባለቤቱ እንዲዋጀው ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ 5 ቀን ቆይቶ ይለቀቃል። መልካም መሣሪያ ስሙ ከነዚህ ደረጃዎች በየትኛው እንዳለ ያሳያል።

ለቢሾፍቱና ለአካባቢዋ ከተሞች ይህ ነገር ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ልዩ ምክንያት አለ። ይኸውም የስማቸው ብዛት ነው። ቢሾፍቱ ለረዥም ዘመን ደብረ ዘይት ስትባል ኖራ በቀድሞ ስሟ ተመልሳለች፤ አዳማ ናዝሬት ትባል ነበር፤ ዝዋይም ባቱ ሆናለች። ሽማግሌው ደንበኛ በአንዱ ስም ይጠራታል፤ ወጣቱ በሌላው። በዚህ ላይ የላቲኑ አጻጻፍ ሲጨመር ነገሩ ይባዛል። ቢሾፍቱ በእንግሊዝኛው ልማድ በ8 ፊደል ትጻፋለች፤ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ግን የረዘሙት ድምፆች ስለሚደገሙ 10 ፊደል ይሆናል። አዳማም እንዲሁ በአንዱ 5፥ በሌላው 7 ነው። ናዝሬትን አንዱ በ6 ፊደል፥ ሌላው እንደ መጽሐፍ ቅዱሱ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በ8 ይጽፋታል። ደብረ ዘይትንማ በሁለት ቃል፥ በአንድ ቃል፥ በሰረዝ፥ በተለያየ አናባቢ የሚጽፋት ሰው ቍጥር የለውም። "የቢሾፍቱ ዳቦ ቤት" ብሎ ስም የሚያወጣ ሰው አንዱን አጻጻፍ ይዞ ሌላውን ለማያውቀው ሰው ሲተው፥ ግማሹን ደንበኛ በሌላ በር እያስገባ መሆኑን ማወቅ አለበት። ሰው ተቀምጦ ይህን ሁሉ አጻጻፍ ቢመረምር አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ ወኪሉ ግን በተገቢው መሣሪያ ሃያውን አጻጻፍ በአንድ ትንፋሽ ጠይቆ ሊመለስ ይችላል። የመሣሪያው እውነተኛ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

የራሳችንም ፊደል ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 አይካን የግዕዝ ፊደል በመዝገቡ ራስ ላይ በምን ደንብ እንደሚጻፍ የሚወስነውን ሥርዐት ከሌሎች ፊደላት ጋራ አውጥቶአል። ፀሐይ በ"ፀ" ይጻፍ ወይስ በ"ጸ"፥ ሠላም በ"ሠ" ይሁን ወይስ በ"ሰ" የሚለው የመምህራን ክርክር ወደፊት የነጋዴዎችም ክርክር መሆኑ አይቀርም።

የከተማዋም ስም ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በአጠገቧ ያልፋል፤ የሞጆ ደረቅ ወደብ ጎረቤቷ ነው፤ የሆራ፥ የባቦጋያና የኩሪፍቱ ሐይቆች እንግዳ ይጠራሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአቅራቢያዋ በአቡሴራ በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ የሚያስተናግድ አዲስ ማረፊያ ለመሥራት ተነሥቶአል። ይህ ወሬ በተሰማበት አገር ሁሉ የከተማዋን ስም ከ"ሆቴል"፥ ከ"ካርጎ"፥ ከ"ታክሲ" ጋራ አጣምሮ አስቀድሞ ለመያዝና በኋላ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው የሚሠራው ከለንደን ይሁን ከዱባይ ርቀቱ አያግደውም፤ ምርመራውንም የሚያካሂድለት ይኸው ወኪል ነው። መሣሪያው ለሁሉም እኩል ያገለግላልና ለባለአገሩ የሚቀርለት ብልጫ መቅደም ብቻ ነው።

መጠየቅ ብቻውን ደግሞ ምሥጢር ማውጣት ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር 2008 ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው የአሜሪካ ስም መዝጋቢ፥ ሰዎች በገጹ ላይ የፈለጉትን ስም ራሱ ለ4 ቀን እየያዘ ከሌላ መዝጋቢ እንዳይገዙት ሲያደርግ ተገኝቶ ብዙ ክርክር ተነሥቶበት ነበር። ኩባንያው ደንበኞቹን ከነጣቂዎች ለመጠበቅ ያደረገው መሆኑን ተናግሮአል፤ አድራጎቱ ግን በክስ ተጠየቀበት። ከዚህ የተነሣ፥ ስሙ የሚጠየቀው ከማይታወቅ ገጽ ሳይሆን በቀጥታ ከመዝገቡ ጠባቂ ቢሆን፥ ነጻ መሆኑ በታወቀበት ሰዓትም ቢያዝ ይመረጣል። ምርመራውን ሰኞ አድርጎ ግዢውን ለሚቀጥለው ወር የሚያሳድር ሰው ምርመራውን ባያደርገው ይሻለው ነበር።

ሆኖም በኢንተርኔት መዝገብ ነጻ የሆነ ስም በሕግ ፊት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ ስምን ነጋዴው ሥራውን የሚያካሂድበትና የንግድ ቤቱ ተለይቶ የሚታወቅበት ስም አድርጎ ደንግጎት ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግና ስለ ንግድ ምዝገባና ፈቃድ የወጣው አዋጅ ቍጥር 980/2008 ጉዳዩን ይዘውታል። የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚመዘገብ ሌላ መብት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ሦስት ነው፤ የዶሜን ምርመራ መሣሪያ ግን አንዱን ብቻ ያያል። ወኪሉ "ነጻ ነው" ሲል ከሦስቱ መዝገቦች የትኛውን እንደ ጠየቀ አብሮ እንዲናገር ማዘዝ ይገባል።

የቡና ላኪዎች ስም ምን ያህል ገንዘብ እንደ ሆነ ለሌላው ሊያስተምሩ ይችላሉ። ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ሲዳሞ የሚለውን ቃል የያዘ የንግድ ምልክት እንዲመዘገብለት በአሜሪካ አመልክቶ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሲዳሞን፥ ሐረርንና ይርጋ ጨፌን ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ ይህ ቀዳሚ ማመልከቻ መንገድ ዘግቶ ቆየው። ክርክሩ በብዙ ድካም አልፎ ሁለቱ ወገኖች በሰኔ 2007 ተስማሙ። የኩባንያው ምልክት "ሽርክና" በሚል ቃል የሚጀምር መሆኑ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ያስገረመ ነው።

አንድ አገር እንዲህ ከደከመ አንድ ባለሆቴል ምን ሊያደርግ ይችላል? በነጥብ ኮምና በመሰሎቹ ላይ ስሙ በክፋት የተያዘበት ሰው በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር በወጣው የአይካን ደንብ መሠረት ለጄኔቫው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቤት ማለት ይችላል። ነገር ግን በስሙ ላይ የንግድ ምልክት መብት ያለው መሆኑን፥ የያዘው ሰው መብት የሌለው መሆኑንና በክፋት አስመዝግቦ የሚገለገልበት መሆኑን ሦስቱንም ማስረዳት አለበት። ለአንድ ዳኛም የሚከፈለው ዝቅተኛው ዋጋ 1,500 ዶላር ነው፤ የጠበቃው ለብቻ። ቬሪሳይን ለአንድ የነጥብ ኮም ስም ከቸርቻሪዎቹ እንዲቀበል በ2024 የተወሰነለት የዓመት ዋጋ 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር። ሒሳቡን ነጋዴ ያውቀዋል።

ስለ ዶላሩ ከተነሣ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የነጥብ ኢቲ ስም ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ይገዛል። የነጥብ ኮም ስም ግን ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚከፈልበት ስለ ሆነ፥ ነጋዴው ውጭ አገር ያለውን የወንድሙን ልጅ ወይም ገጹን የሚሠራለትን ወጣት ባለሙያ ይለምናል። እርሱም በመልካም ልብ ይገዛለታል፤ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን የገዢው ስም ነው። ያ ሰው ሥራ ቢለውጥ፥ ቢጣላ፥ ወይም የማደሻውን ማስታወቂያ ሳያነብ ቢቀር፥ በታፔላው፥ በካርቶኑና በደረሰኙ ላይ የታተመው አድራሻ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። ወኪሉ "ስሙ በድርጅቱ ስም ተይዞአል" የሚል ሪፖርት ቢያቀርብም፥ በመዝጋቢው ዘንድ የተጻፈው ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሥራ አስኪያጁ በዓይኑ ማየት አለበት። ስለዚህም ወኪሉ እንዲመረምር መፍቀድ መልካም ሲሆን፥ ራሱ ከፍሎ እንዲገዛ መፍቀድ ግን ገና የሚያስቸኩል ጉዳይ አይደለም።

አስመጪዎችም ይህ የሻጭና የሆቴል ጉዳይ ነው ብለው ማለፍ አይገባቸውም። ፕሮፎርማ ኢንቮይስ በኢሜል ሲመጣ ከአቅራቢው ስም አንድ ፊደል ብቻ የተለወጠበት አድራሻ አስመዝግቦ፥ "የባንክ ሒሳባችን ተለውጦአል" ብሎ የሚጽፍ አጭበርባሪ በዓለም ንግድ የታወቀ ነው። ይኸው የምርመራ መሣሪያ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሊሠራ ይችላል። ክፍያው በስዊፍት ከመሄዱ አስቀድሞ ወኪሉ የላኪውን አድራሻ ከመዝገብ እንዲጠይቅ ይታዘዛል። ሃያ ዓመት የነገደ ድርጅት አድራሻ የተመዘገበው ባለፈው ሳምንት ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ባለበት ይቆይ፤ ስልክም ይደወል፤ የሚደወለውም በአዲሱ ደብዳቤ ላይ በተጻፈው ቍጥር ሳይሆን በቀድሞው ነው።

በገበያ ውስጥ ያለው ባለሱቅ "ደንበኛዬ ፊቴን ያውቀዋል፤ ስልክና ቴሌግራም ይበቃኛል" ቢል አልተሳሳተም። ሽንኩርትና ስኳር ለሚሸጥ ሱቅ የዶሜን ስም ቅንጦት ነው፤ ገንዘቡን ለመደርደሪያ ቢያውለው ይሻላል። ነገር ግን ምርቱን በራሱ ስም አሽጎ ወደ ሌላ ከተማ መላክ የጀመረ ዕለት፥ ወይም ለባንክና ለውጭ ገዢ ደብዳቤ መጻፍ የጀመረ ዕለት ነገሩ ይለወጣል።

መሣሪያው የሚጠቅመው መዝገቡ በመለሰለት ልክ ነው። የአር.ዲ.ኤ.ፒ. ግዴታ የተጣለው አይካን በውል በሚያዝዛቸው መዝገቦች ላይ ሲሆን፥ የየአገሩ መለያዎች በዚህ ግዴታ አይያዙም። እንግዲህ ኢትዮ ቴሌኮም፥ የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴርና የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መዝገቦቻቸው በአንድ ዐይነት ደንብ ለመሣሪያ እንዲመልሱ ቢያደርጉ፥ አንድ የቢሾፍቱ ነጋዴ ስሙን በነጥብ ኢቲ፥ በንግድ ስምና በንግድ ምልክት በኩል በአንድ ጥያቄ ሊያስመረምር ይችላል። የንግድ ምክር ቤቶችም ይህን ለመጠየቅ ከማንም ይልቅ ተገቢ ናቸው። ይህ እስኪሆን ድረስ በየከተማው ያለው የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ መድቦ አባላቱን ቢያግዝ ወጪው ከባድ አይሆንም። ጸሐፊው የተጠየቀውን ስም በሁሉም አጻጻፍ፥ የተጠየቀውን መዝገብ፥ የመጣውን መልስ፥ ቀኑንና ሰዓቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ ለነጋዴው ይሰጠዋል፤ የታፔላ ሠዓሊውም የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ወረቀት ግርጌ ስሙ የሚታደስበት ቀን ይጻፍ፤ ቀኑም እንደ አውሮፓና እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለቱም ይሁን፤ የማደሻው ማስታወቂያ የሚመጣው በአውሮፓው ነውና።